ላንጋኖ ዳር የተተከለው ድንኳን

በማክሰኞ ቀን የሚዝናና ሰው አይታመንም!

ይሄን የምለው እኔ አይደለሁም፤ የሰፈሬ ሰው ነው። ቅዳሜ ብትጠፉ "ሠርግ ሄደው ይሆናል" ይላችኋል። በዓል ላይ ብትጠፉ "ቤተሰብ ጋ ናቸው" ብሎ ያልፋችኋል። ማክሰኞ በማለዳ ሻንጣ አንጠልጥላችሁ ከታያችሁ ግን… አለቀላችሁ! አንድም ታማችኋል፣ አንድም ሰው ሞቶባችኋል፣ አንድም ያልተነገረ ጉድ አለ። "ትንሽ ነፋስ ልንቀበል ወጣ ማለታችን ነው" የሚባል ምክንያት እኛ ሰፈር ገና አልደረሰም። መንገዱ እየተሠራ ይሆናል።

ነገሩ የተጀመረው ከባለቤቴ ከሰናይት ነው። ሰናይት አስተማሪ ናት። ቀኑን ሙሉ "ቲቸር! ቲቸር!" ሲሏት ትውልና ማታ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ሰፈሩ ከተማሪዎቿ ይረከባታል። አዳማን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሙቀቱ በር አያስዘጋም። የተከፈተ በር ደግሞ በእኛ ሰፈር "ግቡ" ማለት ነው። "ሰናይት፣ ወንፊትሽን አቀብይኝ!" "ሰናይትዬ፣ ስልኬ ዝም አለብኝ፣ እስቲ እዪልኝ!" "ሰኒዬ፣ ልጄን እንግሊዝኛ ከበደው፣ እስቲ ትንሽ አስጠኚው!" እሷ ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረባትም። ስትበላ ይጠሯታል፣ ስትታጠብ ይጠሯታል፣ ተኝታም ይጠሯታል። እኔማ አንዳንዴ ሚስቴን ለማነጋገር ወረፋ ልይዝ ይቃጣኛል።

አንድ ምሽት እግሯን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች፣

"ሁለት ቀን" አለችኝ።

"የምን ሁለት ቀን?"

"ማንም ስሜን ሳይጠራው ሁለት ቀን መዋል እፈልጋለሁ።"

"እኔስ?"

"አንተም።"

ብትቆጣ እኮ በተሻለኝ። ቁጣዋን ለምጄዋለሁ፣ መላ አላጣለትም። ድምፅዋ ግን ዝል ያለ ነበር። ይቺን ሴት ሁለት ቀን ካላሳረፍኳት ምን ባል ነኝ? ብዬ ለራሴ ማልኩ። ትምህርት ቤቷ ለመንፈቅ ዓመቱ ሲዘጋ እኔም ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ጠየቅኩና ላንጋኖ ዳር ካለች አንዲት ትንሽ ማረፊያ ክፍል ያዝኩ። ማክሰኞ ሄደን ሐሙስ ልንመለስ። ለምን ማክሰኞ? ቅዳሜና እሁድማ ሐይቁን የአዲስ አበባ ሰው ከነድምፅ ማጉያው ወርሶት የለ!

ሕጋችን ሁለት ነበር። ስልክ ይዘጋል፤ ለማንም አይነገርም። ከዚህ ሕግ ነፃ የወጡት የሰናይት አክስት እታታ ዘነበች ብቻ ናቸው። እታታ የሚኖሩት አርሲ ነገሌ ነው፣ ከላንጋኖ ትንሽ አለፍ ብሎ። ዕድሜያቸውን በሙሉ እህል ሲነግዱ የኖሩ፣ ገበያ መሃል ቆመው ሲናገሩ ያለ ማጉያ የሚሰሙ ሴት ናቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሰፈሩም ይሄንን ያውቃል። ደጃቸው ድረስ ሄደን ሳንጠይቃቸው መመለሳችንን ቢሰሙ ጉዳችን ነው። ስለዚህ ሰናይት በምስጢር ደወለችላቸው፦ "እታታ፣ ላንጋኖ ልንመጣ ነው፤ ሐሙስ ብቅ እንላለን፤ ለማንም እንዳትነግሪ።" እታታም ማሉ፤ መሐላቸውንም እስከቻሉ ጠበቁ። ችግሩ የመጣው… ቆይ፣ አልቸኩል።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋጋ ወጣን። ሰናይት እድፍ አያሳይም ብላ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። ሌሊቱን በደስታ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ስላደረ ዓይኗ ቀልቷል። እኔ የሐይቅ ነፋስ ያስቸግራል ብዬ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌያለሁ። እናንተዬ፣ እስቲ አሁን በእኔ ቦታ ሳይሆን በጎረቤቴ ቦታ ሆናችሁ እዩን!

ጎረቤቴ ደግሞ እትዬ አስካለ ናቸው። በማለዳ ደጃቸውን የሚጠርጉት ደጁ ቆሽሾ አይደለም፤ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለው እንዳያመልጣቸው ነው። መጥረጊያቸውን ይዘው ቀና አሉ።

"እንዴ! በዚህ ማለዳ… ለደኅና ነው?"

እውነቱን ልናገር ነበር። "ላንጋኖ ልንዋኝ ነው" የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ቀጥ አለ። ሠራተኛው መሥሪያ ቤት፣ ነጋዴው ሱቅ፣ እትዬ አስካለ ደጅ ጠረጋ ላይ ሆነው… እኔ ልዋኝ? ማክሰኞ?

"እ… ምን ይደረግ ብለው ነው፣ እትዬ አስካለ" አልኩ።

"ወዴት ናችሁ?"

"ወደ አርሲ ነገሌ መስመር።" ልብ በሉ፣ አልዋሸሁም! ላንጋኖ የአርሲ ነገሌ መስመር ነው።

እትዬ አስካለ ሰናይትን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ጥቁር ቀሚስ። ቀይ ዓይን። መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ።

"እሷ… ያቺ ጉልበቷን የሚያማት አክስቷ?"

"እንግዲህ…" አልኩና ሻንጣዬን አነሳሁ።

"በሉ ሂዱ፣ ከመንገዳችሁ አላስቀራችሁ። እግዜር ያበርታችሁ!"

እኔ ሞኙ ለመንገዱ ያበርታችሁ ያሉን መስሎኝ "አሜን" ብዬ ሄድኩ።

ጉዞው ጥሩ ነበር። መቂ ላይ ሽንኩርት የጫኑ መኪኖች መንገዱን ዘግተው ትንሽ ቆምን እንጂ ሌላ ያጋጠመን ነገር የለም። የራሷ ሐይቅ ያላት ባቱ ስንደርስ ግን ጭንቅ ያዘኝ። ባቱ ውስጥ ጋሽ በላቸው የሚባሉ አጎት አሉኝ፤ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት የማይጠፉ። ካዩኝ ቤታቸው ሳይወስዱ፣ ሙክት ሳይጥሉ አይለቁኝም። እውነትም እዚያው ቁጭ ብለው ሻያቸውን ፉት ይላሉ! ጋቢዬን ተከናንቤ መቀመጫው ላይ ድፍት አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና "አይዞህ ወንድሜ፣ ሁላችንም ሂያጆች ነን" አለኝ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

ላንጋኖን ያላያችሁ ካላችሁ፣ ውሃው ቡኒ ነው፤ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። መልኩን አይታችሁ እንዳትንቁት፣ ገብታችሁ ስትዋኙበት ለመውጣት ያሳዝናችኋል። አስተናጋጁ ሮባ፣ ጢሙ ሸበት ያለ ሰውዬ፣ "አካም ጅርቱ! እንኳን ደህና መጣችሁ" ብሎ ተቀበለን።

"ሌላ እንግዳ የላችሁም?" አልኩት።

"ማክሰኞ ነው እኮ ጋሼ። ማክሰኞ ማን ይመጣል? ጉማሬው አለ፣ እናንተ አላችሁ።"

ያቺ ማክሰኞ! ሰናይት ከግራር ጥላ ሥር ወንበር አስወጥታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ተቀመጠች። ማንም አልጠራትም። እኔ እንኳ ሻይ ሲመጣ በእጄ እየጠቆምኩ ነበር የማሳያት። ከሰዓት በኋላ ውሃው ዳር እየሄደች ለብቻዋ ስታንጎራጉር ሰማኋት። ስንት ዘመን ሆኖታል እሷ ሳታንጎራጉር? ደስ አለኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ ብል አታምኑኝም።

ረቡዕ ምሳ ላይ ሮባ አንድ የሚያምር የተጠበሰ ዓሳ ይዞ መጣ። ሰናይት አየችው።

"ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ።"

"ዓሳ ጾም ነው ይላሉ" አልኳት።

"ማን ነው የሚለው?"

"ሮባ።"

"ሮባ ሙስሊም ነው!"

ዓሳው ግን ያውዳል… ሽታውን ልነግራችሁ አልችልም። እሷ ትንሽ አመነታችና አንድ ጉርሻ ቆረሰች። እኔ በቁምጣዬ ሆኜ የዓሳውን ጭንቅላት በሁለት እጄ ይዤ ስመጠምጥ… የመኪና ጡሩምባ ሰማን። ቀጥሎ አንድ ሚኒባስ አቧራውን እያቦነነ መጥቶ ከፊታችን ቆመ። ጣሪያው ላይ የታሰረውን ሳይ ክው አልኩ። የሰፈራችን የእድር ድንኳን ነው። ከነካስማው!

በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የወረዱት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? እታታ ዘነበች! ነጠላቸውን ለለቅሶ እንደሚደረገው አዘቅዝቀው፣ በዚያ በእህል ገበያ ድምፃቸው፣

"እኔን ቀብራችሁ፣ በረቡዕ ዓሳ!" አሉ።

ጉማሬው ራሱ ውሃ ውስጥ ሳይሰምጥ አልቀረም።

ከኋላቸው እትዬ አስካለ፣ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ቱፋ፣ ከነሱ ኋላ ግማሽ ሰፈር ወረደ። ሴቶቹ ድስትና ንፍሮ ተሸክመዋል። ሁሉም ቁምጣዬን እያየ ነው። የዓሳውን ጭንቅላት ከኋላዬ ደበቅኩት።

እንግዲህ የሆነው ይሄ ነው። እትዬ አስካለ ማክሰኞ ማለዳ መጥረጊያቸውን ጥለው ቀጥታ ጋሽ ቱፋ ቤት ሮጡ። ስልካችን ቢደወል ዝግ ነው። ስልኩን የሚዘጋ ደግሞ ማነው? ሐዘን ላይ ያለ ሰው! እድሩ ተሰበሰበ፣ ሚኒባስ ተለመነ፣ ሌሊቱን ንፍሮ ተቀቀለ። ረቡዕ ጠዋት አርሲ ነገሌ ገቡ። የእታታ ሰፈር ጫፍ ሲደርሱ ወርደው፣ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ደረት እየመቱ "ወይኔ እናቴ! ወይኔ መከታዬ!" እያሉ በሰልፍ ጉዞ ጀመሩ።

እታታ ግቢያቸው ውስጥ ስንዴ እያሰጡ ነበር። ለቅሶውን ሰሙ። ጎረቤት የሞተ መሰላቸው፤ እንግዲህ ለቅሶ ሰምቶ ቤት መቀመጥ የለም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡና ከሰልፉ ኋላ ገብተው ማልቀስ ጀመሩ! ደግሞ ሲያለቅሱ አይጣል ነው፣ የሌላውን ሁሉ ድምፅ ዋጡት። ከእድራችን ሴቶች አንዷ፣ እታታን ፈጽሞ የማታውቅ፣ አዝና ክንዳቸውን ደገፍ አደረገቻቸው።

"ይበርቱ እናቴ፣ ይበርቱ።"

"ማነው ግን የሞተው ልጄ?"

"ወይዘሮ ዘነበች ናቸዋ! የሰናይት አክስት።"

"የሰናይት… የአዳማዋ ሰናይት? የአስተማሪዋ?"

"አዎ! ያውቋቸው ነበር?"

"እንዴት አላውቃት!" አሉ እታታ።

ይሄኔ ሰልፉ ታጥፎ የእታታን ግቢ በር አልፎ ገባ። እትዬ አስካለ ዘወር ብለው ሟችን ከኋላቸው ቆመው አዩዋቸው፤ በሠርጋችን ጊዜ ተዋውቀው ነበር። ጩኸታቸው እስከ ገበያው ተሰማ ይባላል። ጋሽ ቱፋ ግን የተረጋጉ ሰው ናቸው። ቀርበው የእታታን እጅ ነካ አደረጉና "ይሞቃል" ብለው ለሕዝቡ አስታወቁ።

"በሉ ግቡ" አሉ እታታ ሚኒባሱን እየጠቆሙ። "የት እንዳሉ እኔ አውቃለሁ።"

መሐላቸው የፈረሰው ያኔ ነው። ሞተው መሐላ ይጠብቁ እንዴ?

እና አሁን ሁሉም ከፊቴ ቆመዋል። እኔ የማየው ግን እነሱን አልነበረም። ሰናይትን ነው። የሁለት ቀን እረፍቷ ገና ግማሽ ላይ ሳይደርስ ይኸው የሸሸችው ሰፈር ከነድንኳኑ መጣባት። ፊቷ ልክ እንደዚያ ምሽት ዝል አለ። ከወንበሯ ብድግ አለች፤ የለመደ እግር ነዋ፣ እንግዳ ሲያይ ወደ ምድጃ ይሄዳል። ምን ዋጋ አለው፣ ሁሉን ነገር እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

እትዬ አስካለ ጎተት አድርገው ወሰዱኝ።

"ምነው ደበቅከኝ? እኔ ምን አደረግኩህ?"

ከዚህ በኋላ ምን እደብቃለሁ! ዘረገፍኩት። "እትዬ አስካለ፣ ደክሟት ነው። ማንም ስሟን ሳይጠራው ሁለት ቀን መዋል አምሯት ነው። ሌላ ምንም የለም።"

እትዬ አስካለ ድስት ልትቀበል እጇን የዘረጋችውን ሰናይትን አዩዋት።

"ወንፊቷ እኮ እስካሁን እኔ ቤት ነው" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ዞር ብለው ጮኹ፦ "አንቺ! ቁጭ በይ! ሐዘንተኛ አይነሳም!"

"እትዬ፣ እኔ እኮ ሐዘንተኛ አይደለሁም…" አለች ሰናይት።

"እኛ ላንቺ ልንሠራ ነው የመጣነው። ማንም ይሙት ማንም ይኑር፣ ሳንሠራ አንመለስም!"

ጋሽ ቱፋም ጉሮሯቸውን ጠርገው ፈረዱ። "እድሩ ወጥቷል። የወጣ እድር ደግሞ ድንኳን ሳይተክል አይገባም።"

"ጋሽ ቱፋ፣ ሰው እኮ አልሞተም!" አልኩ።

"እሱ የእናንተ ጥፋት ነው" አሉኝ።

ድንኳኑ ላንጋኖ ዳር ተተከለ። ውስጡ ፍራሽ ተነጠፈ፣ ሰናይት መሃል ላይ ተቀመጠች። እናንተዬ፣ ለቅሶ ቤት ያለ ሰው እንዴት እንደሚያዝ መቼም ታውቁታላችሁ። አንዷ እጇን አስታጠበቻት። አንዷ አጎረሰቻት። አንዷ ጀርባዋን በትራስ ደገፈችላት። ቀና ስትል "አረፍ በይ"፣ ጎንበስ ስትል "ተዪው፣ እኛ እናነሳዋለን!" እታታ ዘነበች ደግሞ የሐዘኑ ምክንያት እሳቸው መሆናቸውን ረስተው ራሷን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ፀጉሯን ይደባብሱ ጀመር። ሰናይት መጀመሪያ አፈረች። ቀጥሎ ሳቀች። ቀጥሎ… እንቅልፍ ወሰዳት። በጠራራ ፀሐይ፣ ከሰፈሩ ሴቶች መሃል!

እትዬ አስካለ መጥረጊያቸውን ባይዙም አንድ ቅጠል ያለው እንጨት ይዘው ድንኳኑ በር ላይ ቆሙ። ዝንብ ያባርሩበታል፣ ሰውም ያባርሩበታል። "ስሟን የሚጠራ ወዮለት!" ሲሉ ሰማኋቸው። እሳቸው! ያቺን ስም በቀን ስንት ጊዜ የሚጠሯት እሳቸው!

እኔስ? እኔን "ይሄ ዋሾ" ብለው ቁምጣዬን እንኳ ሳልቀይር ውሃ አመላላሽ አደረጉኝ። ያንን ሁሉ ሕዝብ ንፍሮ ያደልኩት፣ ድስቱን የፈተግኩት እኔ ነኝ። የቀረውን ዓሳ ሮባ አነሳው መሰለኝ፤ ጋሽ ቱፋ ግን "እኔን ጾሙ አይመለከተኝም" ብለው ተከተሉት፣ ሲመለሱም ጢማቸውን ይጠርጉ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የተከበሩት ሊቀመንበራችን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ውሃ ውስጥ ታዩ። ሴቶቹም ሁለት ሁለት እየሆኑ እግራቸውን ሊነክሩ ወረዱ። ከመካከላቸው እዚህ አገር ተወልደው ላንጋኖን ከመኪና መስኮት በቀር ያላዩ ነበሩ። ለቅሶ ካልሆነ ማን ያወጣቸዋል! እርስ በርስ ውሃ ሲረጫጩ፣ ሲስቁ፣ የተዘቀዘቀው ነጠላ ሁሉ መቼ እንደተቃና እንጃ።

አመሻሹ ላይ ሰናይት ነቃች። ጉንጯ ላይ የእታታ ቀሚስ ጥልፍ ታትሟል። ፊቷ ግን… የተጋባን ሰሞን የነበረውን ፊቷን ታውቁት ቢሆን ኖሮ! እንደሱ ሆኖላችኋል።

"እንሂድ?" አልኳት ፈራ ተባ እያልኩ። የቀረችንን አንድ ሌሊት መተዋችን ነበር፤ እድሩ ሐዘንተኛ ጥሎ እንደማይሄድ አስታውቋል።

"እንሂድ። ጠግቤያለሁ" አለች።

እታታን ወደ አርሲ ነገሌ በሚሄድ መኪና አሳፈርናቸው። በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ "እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም! የእውነቱ ቀን ይሄን ያህል ሰው ካልመጣ ወዮላችሁ!" ብለው መርቀውን ይሁን አስፈራርተውን ሄዱ።

እኛም በሚኒባሱ ተጫንን። ቡልቡላን አልፈን፣ አዳሚ ቱሉን አልፈን፣ ሴቶቹ ከኋላ እየዘፈኑ (አዎ፣ ጣሪያው ላይ የእድር ድንኳን ጭነው!) ባቱ ገባን። መናኸሪያው አጠገብ አጎቴ ጋሽ በላቸው እዚያው ሻይ ቤታቸው ተቀምጠዋል። ልማድ ሆኖብኝ ጋቢዬን ተከናንቤ ድፍት አልኩ። ሰናይት ግን በመስኮቱ አተኩራ እያየቻቸው ነው።

"ቆይ… ያንተ አጎት አይደሉም እንዴ?"

"ናቸው። ዝቅ በይ!"

"ትንሽ አልከሱም?"

"ኧረ ደህና ናቸው! እንደ በሬ ነው ጤናቸው!"

"እኔ እንጃ" አለች እያሰበች። "ፊታቸው ገርጣ ብሎብኛል።"

ይሄኔ ከፊት ወንበር ጋሽ ቱፋ ቀስ ብለው ዞሩ።

"ልጄ" አሉኝ በጣም አዝነው፣ "ቤታቸው ለሐይቁ ይቀርባል?"